በሁለት ጠለፋዎች መካከል፦ በአርሲ የተደፈረች ልጅ ድጋፍ ያገኘችበትና ያጣችበት መንገድ

በ1993 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በአርሲ ዞን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊው ብቻውን አልነበረም፤ አብረውት የዘመቱ ግብረ አበሮች ነበሩት። ጉዳዩ ለፖሊስ ተነገረ፤ ፖሊስም ደርሶ ልጅቱን አስለቀቀ፣ ተጠርጣሪውንም ያዘ። ይሁን እንጂ ተጠርጣሪው ብዙ ሳይቆይ በዋስ ተለቀቀ፣ እንደወጣም ያችኑ ልጅ ዳግመኛ ጠልፎ በወንድሙ ቤት ደበቃት። ለአንድ ወር ገደማ ከቆየች በኋላ ልታመልጥ የቻለችው በግድ የጋብቻ ውል እንድትፈርም ከተደረገች ወዲያ ነበር።

ይህ ጉዳይ በወረዳ ፍርድ ቤት ተጀምሮ፣ በአገር ውስጥ ያሉትን የፍትሕ ደረጃዎች ሁሉ አልፎ፣ በመጨረሻ ባንጁል ጋምቢያ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ዘንድ ደርሷል። በሕግ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በመዝገብ ቁጥሩ 341/2007 ወይም «ኢኳሊቲ ናው እና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ» በሚለው ስያሜው ነው። የልጅቱ ስም በይፋ ሰነዶች ላይ የሰፈረ ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ድርጊቱ ሲፈጸምባት ገና ሕፃን ነበረች፣ የምንማርበትም ነገር የስሟን መታወቅ አይጠይቅም።

ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን የተጻፈው በአብዛኛው የሕግ ትንታኔ ነው። እዚህ ግን በሌላ ዓይን ልመለከተው እፈልጋለሁ፤ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት አንዲት ልጅና ቤተሰቧ ድጋፍ ፍለጋ ሲወጡ በየደረጃው ማን ተቀበላቸው፣ ማን መለሳቸው፣ ያን ጊዜ ያልነበረው ነገር ምን ነበር፣ ዛሬስ ምን አለ የሚለውን ለመከተል። የኔ ድምዳሜ ከወዲሁ ቢነገር ይሻላል። ልጅቱን የጎዳት የአንድ ተቋም አለመኖር ብቻ አይደለም፤ አንዱ ተቋም የድርሻውን ሠርቶ ሲያበቃ ለሌላው አለማስረከቡ ነው። ይህ ክፍተት ከሁሉ በላይ የሰፋው ደግሞ ፖሊስ ካስለቀቃት ቀን አንሥቶ ተጠርጣሪው በዋስ እስከወጣበት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር።

ዋስትናና ባዶ የቀረው ቦታ

ፖሊስ ልጅቱን ማስለቀቁና ተጠርጣሪውን መያዙ ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። ጠለፋ በብዙ አካባቢዎች እንደ ጋብቻ ሥርዓት በሚቆጠርበት፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ከብት ተቆጥሮ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ታርቆ ነገሩ በሚዳፈንበት ዘመን፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ጠለፋን እንደ ወንጀል ቆጥሮ መንቀሳቀሱ ራሱ ድጋፍ ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ዋስትናን በሚመለከት ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አመልካቹ የዋስትና ግዴታውን የማይፈጽም ሆኖ ከተገመተ፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም የሚችል ከሆነ፣ ወይም ምስክሮችን ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ የሚችል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ በሕጉ ውስጥ መሣሪያው ነበር። በጠለፋ ጉዳይ ደግሞ እነዚህ ሥጋቶች በግምት የሚታሰቡ ሳይሆኑ በድርጊቱ ባሕርይ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ምክንያቱም ጠላፊ የሚፈልገው ልጅቱን ማግባት ነው፣ ይህ ፍላጎቱም በመታሰሩ አይጠፋም። እንዲያውም ክሱን ለማምለጥ ያለው ቀላሉ መንገድ ጋብቻውን መፈጸም በሆነበት ጊዜ፣ የታሰረ ጠላፊ ሲለቀቅ ልጅቱን የሚፈልግበት ምክንያት በእጥፍ ይጨምራል።

ይህን ሥጋት ለፍርድ ቤት ማሰማት ግን የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን ይገባ ነበር። የ13 ዓመት ልጅ ስለ አንቀጽ 67 አታውቅም፣ የገጠር ቤተሰብም በዋስትና ችሎት ላይ ቀርቦ የመቃወም ልምድ የለውም። በዚያ ዘመን በወረዳ ደረጃ ለተጠቂዋ የቆመ ጠበቃ፣ ወይም ተጠርጣሪው ሊለቀቅ መሆኑን አስቀድሞ ለቤተሰቡ የሚነግር ባለሙያ ማግኘት አይታሰብም ነበር። ተጠርጣሪው ከእስር የሚወጣበትን ሰዓት ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰፈር ውስጥ ሲያየው ነው። ይህ ልማድ ዛሬም በብዙ ወረዳዎች አልተለወጠም፤ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር ለሚሠራ ሁሉ ቀዳሚ ጥያቄ ሆኖ ሊቆም የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ያልነበረ ነገር መጠለያ ነው። ፖሊስ ልጅቱን ካስለቀቀ በኋላ ሊመልሳት የሚችለው ወደ ተጠለፈችበት አካባቢ ብቻ ነበር። በኢትዮጵያ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት መጠለያ፣ የሥነ ልቦና ምክርና ሙያዊ ሥልጠና አቀናጅቶ በመስጠት ስሙ ቀድሞ የሚነሣው በሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር መሥራችነት የተቋቋመው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ነው፤ ይህ ማኅበር የተመሠረተው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን መጠለያውን በአዲስ አበባ ሥራ ያስጀመረው ከዚያም ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ነው። ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠለፍ ማኅበሩ ገና አልተፈጠረም። በሁለቱ ጠለፋዎች መካከል ባለው ጊዜ ሌላ ከተማ ውስጥ ቁልፍ ያለው በር፣ የሚጠብቅ ዘበኛና የሚያናግራት አንዲት አማካሪ ቢኖሩ ኖሮ ሁለተኛው ጠለፋ ባልተፈጸመ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጋብቻው ወረቀት

ሁለተኛውን ጠለፋ ለመረዳት ልጅቱ የፈረመችውን ወረቀት ትርጉም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣውና በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባችና ጋብቻው በሕግ የጸና ከሆነ በጠላፊው ላይ ክስ እንዳይቀርብ ይደነግግ ነበር፤ የጠለፋው አንቀጽ 558 ነው፣ ለጾታ ወንጀሎችም ተመሳሳይ ውጤት ያለው አንቀጽ 599 ነበር። ስለዚህ ያ ውል የትዳር መጀመሪያ ሳይሆን የክስ ማምለጫ ሆኖ የተዘጋጀ ሰነድ ነው።

ሰነዱ በሕግ ፊት ዋጋ አልነበረውም። የዚያን ዘመን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት ልጅ ያስቀመጠው የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለሁለቱም ጾታ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። በ13 ዓመቷ፣ ያውም ተደብቃና ተገድዳ የፈረመች ልጅ በየትኛውም ሕግ ሚስት ልትባል አትችልም። ነገር ግን ወረቀት መኖሩ በሽማግሌዎች፣ በአካባቢው ሹማምንትና በአንዳንድ ዳኞች ዘንድ «ነገሩ እኮ በስምምነት ነው» የሚል ጥርጣሬ ለመዝራት ይበቃል። በኋላ በፍርድ ሒደቱ የሆነውን ስናይ፣ ይህ የስምምነት ጥርጣሬ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይገለጣል።

አዲሱ የወንጀል ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ይህን ቀዳዳ ደፈነው። በአንቀጽ 587 ሴትን ለማግባት በማሰብ መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። ከጠለፋው ጋር ተያይዞ የተፈጸመ መድፈር ካለም በተደራቢነት ያስጠይቃል። ለዚህ ለውጥ ከታገሉት መካከል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግንባር ቀደሙ ነው፤ የአርሲዋ ልጅ ጉዳይም በዚያው የትግል ዘመን ውስጥ ነበረ። ሕጉ ሲወጣ ግን የእሷ ጉዳይ በአሮጌው ሕግ ሥር ተፈርዶና ተሽሮ ነበር።

ከወረዳው እስከ ሰበር

ልጅቱ ካመለጠች በኋላ ድጋፍ ያገኘችው ከሁለት ወገን ነው። አንዱ ከጎኗ የቆመው አባቷ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1987 ዓ.ም. መዓዛ አሸናፊን ጨምሮ በጥቂት ሴት የሕግ ባለሙያዎች የተመሠረተ ሲሆን፣ ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ የሕግ ምክርና ውክልና ይሰጥ ነበር። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ስላሉ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ለአንዲት የአርሲ ገጠር ልጅ የሕግ ባለሙያ ማግኘት ማለት ወደ አዲስ አበባ የሚደርስ ሰው ማግኘት ማለት ነበር። ኢኳሊቲ ናው የተባለው ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ድርጅትም ጉዳዩን በዓለም አደባባይ አሰምቶ ባለሥልጣናት ትኩረት እንዲሰጡት ገፍቷል።

ሐምሌ 15 ቀን 1995 ዓ.ም. የወረዳው ፍርድ ቤት ዋናውን ተከሳሽ በ10 ዓመት፣ አራቱን ግብረ አበሮች እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራት ቀጣ። ለጠለፋ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት እስራት ወይም በዕርቅ በሚያልቅበት በዚያ ወቅት፣ ከሁሉ በታች ያለው ፍርድ ቤት ይህን መወሰኑ ሊመሰገን ይገባዋል። የገጠር ዳኛ ሁሉ ከልማድ ጋር ያብራል ተብሎ ሲነገር የምንሰማው አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ አይሠራም።

ያን ፍርድ የሻረው የበላዩ ነው። ኅዳር 24 ቀን 1996 ዓ.ም. የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማስረጃው ድርጊቱ በስምምነት መፈጸሙን ያመለክታል በማለት አምስቱንም ነፃ ለቀቃቸው። ለኮሚሽኑ በቀረበው አቤቱታ እንደተገለጸው፣ በዚህ ይግባኝ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ተከሳሾቹ ያለ አግባብ ተፈርዶባቸዋል ሲል ተከራክሯል። ይህን ነጥብ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በወንጀል ጉዳይ ተጠቂዋ የክሱ ባለቤት አይደለችም፤ በእሷ ምትክ የሚቆመው መንግሥት ነው፣ የመንግሥትም አፍ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ወደ ተከሳሾቹ ወገን ሲዞር በዚያ ችሎት ውስጥ ለልጅቱ የሚናገር አንድም ሰው አልቀረም ማለት ነው። የግል ጠበቃ ወይም የሴቶች ማኅበር ከጎኗ ቢኖርም እንኳ በወንጀል ችሎት የመከራከር ሥልጣኑ የተገደበ ነው። ስለዚህ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች ከተጠቂዋ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዐቃቤ ሕጉ ጋርም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተገናኙ መሥራት እንዳለባቸው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎም ሰበር ድረስ ደጅ ተጠና፤ የትም የተገኘ መፍትሔ አልነበረም።

ባንጁል

በአገር ውስጥ ያለው መንገድ ሲዘጋ ሁለቱ ድርጅቶች በ1999 ዓ.ም. አቤቱታቸውን ለአፍሪካ ኮሚሽን አቀረቡ። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የአፍሪካ ሴቶችን መብት የሚመለከተውን የማፑቶ ፕሮቶኮል ገና አላጸደቀችም ነበር፤ ያጸደቀችው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚህ የተነሣ ክሱ የተመሠረተው በአጠቃላዩ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ላይ ነው።

ኮሚሽኑ ውሳኔውን የሰጠው ከስምንት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር አካባቢ ነበር። መንግሥት የልጅቱን የአካል ደኅንነት፣ ሰብአዊ ክብር፣ ነፃነትና የግል ጸጥታ እንዲሁም በሕግ እኩል የመጠበቅና ጉዳይን የማሰማት መብት ባለማስጠበቁ ተጠያቂ ነው አለ። ለዚህ ጽሑፍ ትልቁ ቁም ነገር ኮሚሽኑ የመጀመሪያውን ጠለፋ ተከትሎ ልጅቱን ከሁለተኛው የሚጠብቅ እርምጃ አለመወሰዱን ራሱን እንደቻለ የመንግሥት ጥፋት መቁጠሩ ነው። ድርጊቱን የፈጸመው ግለሰብ ቢሆንም፣ አደጋው መኖሩን እያወቀ ያልተከላከለ መንግሥት ራሱን ነፃ ማድረግ አይችልም። ከላይ ባዶ ቦታ ብዬ የገለጽኩት ነገር በዚህ ውሳኔ የሕግ ስም አገኘ።

በአንድ ነጥብ ላይ ግን ኮሚሽኑ አሳዝኗል። በጾታ ላይ የተመሠረተ መድልዎ ተፈጽሟል የሚለውን ክስ አልተቀበለም። ጠለፋ ሴቶችን ሴት በመሆናቸው ብቻ የሚመታ ጥቃት ነው፤ «ስምምነት ነበረ» የሚለው ግምትም ለሴት ተጠቂ ብቻ የሚቀርብ ፈተና ነው። የአፍሪካ የሴቶች መብት የሕግ ባለሙያዎች ይህን ክፍል ሲተቹት ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ኮሚሽኑ መንግሥት ለልጅቱ ለደረሰባት የሞራል ጉዳት 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፍል፣ በጠለፋ የሚፈጸም ጋብቻንና መድፈርን ለመከላከል የተጠናከረ እርምጃ እንዲወስድ፣ ወንጀለኞችን በትጋት እንዲከስ፣ ዳኞችንና የፍትሕ ባለሙያዎችን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ስለመያዝ ያለማቋረጥ እንዲያሠለጥን፣ በየጊዜው በሚያቀርበው ሪፖርትም የጉዳዮቹን ብዛትና በፍርድ የተቋጩትን እንዲያሳውቅ አዘዘ።

ጉዳዩ ባንጁል በተንጠለጠለበት ጊዜ ውስጥ ግን አገር ቤት ሌላ ነገር ሆኗል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከበጀታቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳይቀበሉ ከለከለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ ሠራተኞቹን ለመቀነስና ነፃ አገልግሎቱን ለማጥበብ ተገደደ። የአርሲዋን ልጅ ጉዳይ ወደ አህጉር መድረክ ያደረሰው ማኅበር ውሳኔውን ሲጠባበቅ፣ በዚያው ዘመን የተጠለፈች ሌላ ልጅ ቢሮውን ብታንኳኳ እንደቀድሞው የሚቀበላት ሰው ቁጥሩ ተመናምኖ ነበር። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በአንድ ሕግ የተዳከመ አገልግሎት በሌላ ሕግ በአንድ ጊዜ አያገግምም፤ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ከተበተኑ እነሱን መልሶ ማሰባሰብ ዓመታትን ይጠይቃል።

ያው ነገር ዛሬ ቢደርስ

ይህን ጉዳይ ዛሬ ላይ አምጥተን ብናስበው ቤተሰቡ የሚያገኘው ድጋፍ ከያኔው በብዙ ይለያል። በመጀመሪያ ሕክምናው ተለውጧል። በ1993 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሕዝብ አይሰጥም ነበር፤ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ቫይረሱ እንዳይዛት የሚከላከል፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ሊሰጣት ይገባል፤ በፈጠነ መጠን ይመረጣል። እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒትም እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሠራል፣ እሱም በፈጠነ መጠን ይበልጥ ውጤታማ ነው። የአባላዘር በሽታ ሕክምናና የጉበት ቫይረስ ክትባት ከዚሁ ጋር ይሰጣሉ። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት መያዙ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ ታጥባና ልብሷን ቀይራ የቆየች ሴት ግን አሁን ዋጋ የለውም ብላ መቅረት የለባትም፣ ምክንያቱም የሕክምናው ጥቅም ከማስረጃው አይያያዝም።

እርግዝና ከተከሰተም በአሮጌው ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው ለሕይወቷ ወይም ለጤናዋ ከባድ አደጋ ሲኖር ብቻ ነበር። አሁን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት ጽንሱ ከመደፈር የመጣ ከሆነ ማቋረጥ አያስቀጣም፤ በአንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል በቂ ነው። የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ማለት ሕጉን መጣስ ነው። ይህን የማያውቁ የጤና ባለሙያዎች ስላሉ፣ አጃቢ ሆኖ የሚሄድ ሰው አንቀጹን ቢያውቀው መልካም ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባለው ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው ማዕከል የደቡብ አፍሪካን ቱቱዜላ ማዕከላት አርአያ ያደረገ ሲሆን፣ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስ መርማሪና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጠቂዋን እንዲያገኟት የተቋቋመ ነው። በኋላ በክልል ከተሞች ሆስፒታሎችም ተስፋፍቷል፤ ለአርሲ ቅርብ የሆነችው አዳማም ከእነዚህ አንዷ ናት። የዚህ አሠራር ጥቅም ልጅቱ የደረሰባትን ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ እንዳትናገር ማድረጉ ብቻ አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ሰዓት ስለሚያውቀው፣ ዋስትና ሲጠየቅ ስለ ሥጋቱ ከራሷ አፍ የሰማውን ይዞ መቃወም ይችላል። የአርሲው ጉዳይ የጎደለው ይህ ርክክብ ነበር። ማዕከላቱ ግን በሆስፒታል ውስጥ ስለሆኑ ከገጠር ቀበሌ የምትመጣ ልጅ መጓጓዣና አብሮ የሚያድር ዘመድ ያስፈልጋታል፤ ብዙዎች 72 ሰዓቱ የሚያልፍባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

መጠለያውን በተመለከተ፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከአዲስ አበባ ሌላ በአዳማና በሐዋሳም ይሠራል። መጠለያ መግባት በአብዛኛው በፖሊስ፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በሆስፒታሉ ማዕከል በኩል ነው፤ ስለዚህ ቤተሰብ አድራሻውን ፈልጎ ማግኘት ባይችል አይደነቅም፣ አድራሻው የሚደበቀው ለነዋሪዎቹ ደኅንነት ነው። በስልክ ምክር ለማግኘት ሴታዊት የተባለው የሴቶች ንቅናቄ አለኝታ የተሰኘ የስልክ መስመር አለው፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እንዲሁ በስልክ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ስለ ጥበቃ ሕጉ አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስቀጡ በሚችሉ ወንጀሎች ላይ ሥጋት ያለበት ምስክር እንዲጠበቅ ይፈቅዳል። ከጥበቃዎቹ መካከል ተከሳሹ ወደ ምስክሩ መኖሪያ፣ የሥራ ቦታ ወይም ትምህርት ቤት እንዳይደርስ መከልከል፣ የመኖሪያ ቦታ መለወጥና በዝግ ችሎት መመስከር ይገኙበታል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 እስከ 20 ዓመት ስለሚያስቀጣ በዚህ አዋጅ ሥር ሊወድቅ ይችላል። ተጠቂዋ የራሷ ጉዳይ ዋና ምስክር ናትና ጥበቃውን መጠየቅ ትችላለች። ጥያቄው የሚቀርበው ግን የሚያቀርበው ሰው ካለ ነው፤ የተጠቂዋ ቤተሰብ፣ የማዕከሉ አማካሪ ወይም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ጠበቃ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለመርማሪው ፖሊስና ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ሊያቀርቡት ይገባል፤ ተጠርጣሪው ዋስትና ከጠየቀ አስቀድሞ እንዲነገራቸው የሚለው ጥያቄም በዚያው ወረቀት ላይ ቢሰፍር መልካም ነው።

ካሳው

ኮሚሽኑ ያዘዘው 150,000 ዶላር በአገር ውስጥ ሕግ ካለው ጋር ሲነጻጸር የክፍተቱን ስፋት ያሳያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2114 የመድፈር ወንጀል ተጠቂ የሞራል ካሳ ማግኘት የምትችለው ጥፋተኛው በወንጀል ፍርድ ቤት ተፈርዶበት እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 2116 ደግሞ የሞራል ካሳ በማንኛውም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይወስናል። ይህ ገንዘብ ሕጉ በወጣበት ጊዜ ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ከገጠር ወደ ሆስፒታል ተመላልሶ ለመምጣት እንኳ አይበቃም። ለሕክምና የወጣ ወጪና የተቋረጠ ገቢ በቁሳዊ ጉዳት ሥር ሊጠየቁ ይችላሉ፣ ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ ካሳ መጠየቅንም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ይፈቅዳል፤ ጠበቆች ደረሰኝ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን እንዲጠራቀም የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። የአርሲዋን ልጅ በተመለከተ ግን የዞኑ ፍርድ ቤት አምስቱን ሰዎች ነፃ ሲያወጣ፣ በአንቀጽ 2114 መሠረት ያችን 1,000 ብር የመጠየቅ መብቷም አብሮ ተዘግቶ ነበር።